ዐውቆ መግዛት

በ2003 መጀመሪያ ወራት በሱዳን የነዳጅ ንግድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተፈጸሙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካናዳው ታሊስማን ኩባንያ በሄግሊግና በዩኒቲ የነዳጅ መስኮች የነበረውን 25 በመቶ ድርሻ ለሕንድ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ሸጦ ሱዳንን ለቆ ወጣ። በዚያው ሰሞን፣ በጥር ወር፣ የሱዳን ቤንዚን በገዳሪፍና በጋላባት አልፎ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመረ። የወጣው ኩባንያ በአገሩ ለዓመታት ሲወቀስ፣ በፍርድ ቤት ሲከሰስና የአክሲዮኑ ዋጋ ሲጎዳ ቆይቶ ነው። የገባውን ደንበኛ ግን በአደባባይ የወቀሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ነዳጅ ቢገዛ ምን ያስደንቃል?

ይሁን እንጂ ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነው። ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበትን፣ መንደር የተቃጠለበትን ሀብት የሚገዛ፣ የሚያጓጉዝ፣ ከዚያም ትርፍ የሚያገኝ ድርጅት፣ ክብሪቱን ራሱ ባይጭርም ከጥፋቱ ድርሻ ይደርሰዋልን? ቢደርሰውስ፣ ድርሻው የት ላይ ይጀምራል፣ የት ላይስ ያበቃል?

የኢትዮጵያ ድርጅቶች ፊታቸውን ወደ ሱዳን ነዳጅ ለምን እንዳዞሩ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሥራውን አቆመ፤ በግንቦት 1998 ጦርነት ሲነሣ ወደቡም ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የምታነደው ነዳጅ ሁሉ በጅቡቲ በር ብቻ የሚገባ ሆነ። ባለ አንድ በር ቤት እሳት ቢነሣበት ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። በዚህ መካከል ሱዳን በነሐሴ 1999፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ከሄግሊግ እስከ ቀይ ባሕር እያወረደች ድፍድፍ ነዳጅ ለዓለም ገበያ ማቅረብ ጀመረች። በ2000 ደግሞ ከካርቱም በስተሰሜን፣ በጀይሊ፣ ከቻይና ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ጋር በእኩል ድርሻ ያሠራችው ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከጀይሊ የተጫነ ቤንዚን በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ አልፎ ጎንደርና ባሕር ዳር ለመድረስ ከጅቡቲ ከሚመጣው ይልቅ መንገዱ ያጥርለታል። ሻጩ መንግሥት ነው፤ ገዢውም የኢትዮጵያ ነዳጅ ድርጅት፣ ያው መንግሥት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ፣ ማጓጓዙን፣ ማራገፉን፣ ጉምሩክ ማስፈጸሙን፣ ጎማ መቀየሩን፣ የሚሻሙት ግን ባለ ቦቴዎች፣ ትራንዚተሮች፣ ደላሎችና የመንገድ ዳር ጋራዦች ነበሩ።

አስደናቂው ነገር የሻጩ ማንነት ነው። ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1995፣ በአዲስ አበባ በግብፁ ፕሬዚዳንት በሆስኒ ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ በተደረገ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ካርቱምን ተጠርጣሪዎችን ትደብቃለች ብላ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት አቁማት ነበር። በ1996 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ተጣለ፤ ማዕቀቡ የተነሣው በመስከረም 2001 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቦቴዎቹ ተንቀሳቀሱ። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ የትናንቱ ተከሳሽ የዛሬ ነዳጅ አቅራቢ ሆነ። መንግሥታት እንዲህ ያደርጋሉ፤ ማድረጋቸውም ብቻውን ነውር አይደለም። ጠላትነት ለዘላለም ይኑር የሚል የሥነ ምግባር ሕግ የለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ቤንዚኑ የሚቀዳበት ድፍድፍ የመጣው በወቅቱ የእርስ በርስ ጦርነት ከሚነድበት ከላይኛው ናይል ምዕራብ አካባቢ ነበር። የካናዳ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎይድ አክስወርዚ የላኩትና ጆን ሃርከር የመሩት የምርመራ ቡድን በ2000 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት፣ ነዳጁ ጦርነቱን እያባባሰ መሆኑን፣ ሰዎች ከነዳጅ መስኮቹ አካባቢ መፈናቀላቸውንና በሄግሊግ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ለጦር አውሮፕላኖች ማገልገሉን ገልጿል። የተፈናቀሉት በአብዛኛው ኑዌርና ዲንካ ናቸው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ኑዌር የሩቅ ስም አይደለም፤ ወገኖቻቸው ጋምቤላ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ታሊስማን የተከሰሰው በዚህ ጉዳይ ነበር። የተፈናቀሉ ሱዳናውያን በ2001 በኒው ዮርክ ክስ መሠረቱ፤ ክሱ በ2006 ውድቅ ተደረገ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2009 ውሳኔውን አጸና። የይግባኙ ዳኞች የሰጡት ምክንያት ከጉዳዩ በላይ የሚቆይ ነው። አንድ ሰው ለሌላው ወንጀል ተባባሪ ለመባል ወንጀሉ መፈጸሙን ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ወንጀሉ እንዲፈጸም መሻቱም መረጋገጥ አለበት አሉ። ኩባንያው ነዳጅ ማውጣትና ማትረፍ ሽቷል፤ መንደር እንዲቃጠል መሻቱ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ነጻ ነው።

ይህን ፍርድ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ወዲያውኑ ከእንቅፋት ጋር ይጋፈጣል። በአማርኛ «ዐውቆ ነው» ማለት «ሆን ብሎ ነው» ማለት ነው። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ እናቱ «ዐውቀህ ነው!» ብትለው፣ ብርጭቆ ተሰባሪ መሆኑን ያውቅ እንደ ነበር መግለጿ አይደለም፤ ፈልገህ አደረግኸው ማለቷ ነው። ዐውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚለውም ተረት ያው ነው፤ እዚህ ላይ ማወቅ ከመፈለግ አይለይም፤ እንዲያውም ዐውቆ የተኛ ሰው ከእንቅልፋሙ ይልቅ ይወቀሳል። የኒው ዮርክ ዳኞች በሁለት ቃል የለዩትን ነገር የአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞታል።

ቋንቋ ግን ዳኛ አይደለም፤ ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ነገሩ አንድ ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ እዚህ ላይ መካከለኛ መንገድ ይዟል። በ2004 የወጣው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 58 ሁለት ዓይነት «ሐሳብ» ይቀበላል። አንደኛው በሙሉ ዕውቀትና ፈቃድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ አድራጎቱ የሚያስከትለውን ሕገ ወጥ ውጤት እያወቀ፣ ውጤቱ ቢከተልም ይከተል ብሎ ወደ ሥራው መግባት ነው። «የመጣው ይምጣ» ባይነት ከመፈለግ ጋር ተቆጥሯል ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ታሊስማን ቢመዘን ኖሮ ነገሩ በኒው ዮርክ እንዳበቃው በቀላሉ ያበቃ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በአውሮፓም ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ሉንዲን የተባለው የስዊድን የነዳጅ ኩባንያ ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎች ከ1999 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በሱዳን ለተፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ተባባሪ ናችሁ ተብለው በ2021 ተከሰሱ፤ ችሎቱ በመስከረም 2023 ስቶክሆልም ውስጥ ተከፈተ። ሁለቱም ክሱን ክደዋል።

ቤንዚን መግዛት እርግጥ ወንጀል አይደለም፤ በዚህ ማንም አይከሰስም። የሚጠየቀው ኅሊና ነው። ኅሊና ሲጠየቅ ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትቀርበው መልስ «እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል» የምትለዋ ናት። ይህች መልስ በሱዳን ተፈትና እውነት ሆና ተገኝታለች። ታሊስማን ቢወጣ ሕንዶች ገቡ፤ የቻይናው 40 በመቶና የማሌዥያው ፔትሮናስ 30 በመቶ ድርሻ ንቅንቅ አላለም፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ነዳጅ በአንድ በርሜል እንኳ አልቀነሰም። የኢትዮጵያ ቦቴዎችም ባይሄዱ ኖሮ ቤንዚኑ ሌላ ገዢ አያጣም ነበር።

እውነት መሆኗ ግን መልስ አያደርጋትም። የጠየቀው ሰው «አንተ ምን አደረግህ?» ሲል፣ እርሷ «ዓለም ምን ትሆን ነበር?» ለሚል ለሌላ ጥያቄ ትመልሳለች። ይኸው የመተማና የጋላባት ድንበር ይህን ክርክር ከነዳጅ በፊትም ያውቀዋል። ባለፈው በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት በዚህ ገበያ ቡናና ሰም ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 ሲያልፍ የባሪያ ገበያ አይቶ ጽፏል። በዚያ ገበያ የነበረ ነጋዴ አብዛኛው ራሱ ሰው አልማረከም፤ መንደር አላቃጠለም፤ ከሌላ የገዛውን ለሌላ ሸጠ እንጂ። እርሱ ቢተው የሚተካው ሞልቶ ነበር። ዛሬ ማንም በዚያ ነጋዴ ላይ ለመፍረድ አያመነታም፤ «ሌላ ይይዘው ነበር» ብሎ ይቅርታ የሚያደርግለትም የለም። እርግጥ ቤንዚን ሰው አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሰውን መሸጥ በራሱ ክፋት ነው፤ ቤንዚን ግን የሚቆሽሸው በመጣበት መንገድ ብቻ ነው። የመከራከሪያው አጥንት ግን አንድ ነው፤ በአንዱ የማይሠራ ክርክር በሌላው እንዴት ይሠራል?

ሁለተኛዋ መልስ የተሻለች ናት፤ «ሩቅ ነኝ፣ ትንሽ ነኝ» ትላለች። እውነትም ጉድጓዱን የቆፈረና ቦቴውን የነዳ እኩል አይደሉም። አንድ ባለ ቦቴ በብድር የገዛትን መኪና ዕዳ ለመክፈል ሲል ወደ ተሰማራበት መንገድ ይሄዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ምርጫ አላቸው። የገዳሪፍን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሰንሰለቱ ከዚያም በታች እንደሚወርድ ያውቃል። ሾፌሩ አድሮ የሚጠጣውን ቡና የምታፈላው ኢትዮጵያዊት፣ ከጋላባት ወዲህ ገንዘብ የሚመነዝረው፣ ዐረብኛና አማርኛ እያቀላጠፈ ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ ሁሉም ከዚያች ቤንዚን ጥቂት ጥቂት በልተዋል። እነርሱንም በወንጀለኛ መዝገብ ማስፈር መሳቂያ ይሆናል።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው የታችኛው ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ በትልልቆቹ እርሻዎች ላይ በአጨዳ ወራት የሚሰለፈው ጉልበት ከድንበር ማዶ የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም። ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነት የተፈናቀሉ ሱዳናውያንም ይገኙበታል። ቡና አፍዪዋ ለሾፌሩም ለተፈናቃዩም ከአንድ ጀበና ትቀዳለች። ቤንዚኑ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሃርከርን ሪፖርት ማንበብ አያስፈልጋትም። አዲስ አበባ ውል የሚፈርመው ባለሥልጣን ግን ሪፖርት ካላነበበ አያውቅም፤ ካነበበም ያነበበው ወረቀት ነው። ዕውቀት ወደ ታች ሲበዛ ሥልጣን ወደ ላይ ይበዛል። የምታውቀው የማትችል፣ የሚችለው የማያውቅ ሲሆኑ፣ ኃላፊነቱ በመካከል ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል።

ባዶው ቦታ ላይ መቆም የነበረባቸው መካከለኞቹ ናቸው፤ የማጓጓዣ ማኅበራት፣ የንግድ ምክር ቤቶች፣ ገዢው ድርጅት። የሚያውቁት ከቡና አፍዪዋ ብዙ አያንስም፤ ሰዎቻቸው በየሳምንቱ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ድምፃቸውም ከእርሷ ይልቅ ይሰማል። ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ነዳጁን አንገዛም ማለት አይችሉም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ባለ አንድ በር ቤት ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ችግር መግዛቱን ይቅር ያስብላል። ዝምታውን ግን ይቅር የሚያስብል ችግር አልነበረም። የካናዳ ባለ አክሲዮኖች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ተማሪዎች ስለ ሄግሊግ ሲጮኹ፣ በአዲስ አበባና በጎንደር ስለ ቤንዚኑ ሲወራ የሚወራው ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥራቱና ስለ መንገዱ ብልሽት ነበር። ቶሮንቶ ሆኖ መጠየቅ የተቻለው፣ ሁለት ቀን የመኪና መንገድ ላይ ሆኖ እንዴት ሳይቻል ቀረ?

ለዚህ የሚሰጠው ብርቱ መከላከያ ሊዘለል አይገባም። ኢትዮጵያ የካርቱም ደንበኛና ጎረቤት ሆና በመቆየቷ ነው፣ ይባላል፣ ቃሏ የተሰማው። የሱዳን ሰላም በኢጋድ ሲደራደር ከአባል መንግሥታቱ አንዷ ነበረች፤ ድርድሩ በጥር 2005 በሰላም ስምምነት ተፈጸመ፤ የደቡቡም የነዳጅ ገቢ ለሁለት እንዲከፈል ተስማሙ። በ2011 አቢየ ስትታመስ ሁለቱም ወገኖች የተቀበሉት የኢትዮጵያን ወታደር ነው። በ2012 ደቡብ ሱዳን ነዳጇን በዘጋች ጊዜም ስምምነቱ የተፈረመው አዲስ አበባ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ቀላልም አይደለም። ጮኾ የወጣው ታሊስማን ያላዳነውን ሕይወት ዝም ብሎ የቆየው ጎረቤት አድኖ ይሆናል። ሆኖም ይህ መልስ ለመንግሥት የሚሆን መልስ ነው። የጭነት ማኅበር አስታራቂ አልነበረም፤ ዝም ያለውም ለሽምግልና ብሎ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ የሱዳን ነዳጅ ሦስት አራተኛው ያህል አብሯት ሄደ። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ጀይሊ ያለው ማጣሪያ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በጥር 2025፣ ብዙ ከነደደና ከፈራረሰ በኋላ ነው። ያኔ የቦቴው መንገድ የሰው መንገድ ሆነ። ከካርቱምና ከዋድ መዳኒ የሸሹ ሰዎች ገዳሪፍን አጥለቀለቁ፤ ከፊሎቹም በጋላባት አልፈው መተማ ገቡ። እዚህ ላይ የጎረቤት ሒሳብ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1984 እና በ1985 ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲጎርፉ የተቀበላቸው የዚህ አገር ሕዝብ ነው፤ ኡም ራኩባ ያኔ ስደተኞችን ያስጠለለ፣ በ2020 መጨረሻም ከትግራይ ለሸሹት ዳግመኛ የተከፈተ መጠለያ ነው። ነዳጁን የሸጠው መንግሥት፣ እንጀራውን ያካፈለው ሕዝብ። ለመንግሥቱ ሒሳቡ በዶላር ተከፍሎታል። ለሕዝቡስ? በመተማ አቅራቢያ በኩመርና በአውላላ የሰፈሩት ሱዳናውያን ስደተኞች በታጠቁ ሰዎች በተደጋጋሚ ተዘረፉ፣ ተደበደቡ፣ ተገደሉም፤ በ2024 ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው በእግራቸው ወጡ፤ በዚያው ዓመት አፍጢት የሚባል አዲስ መጠለያ ተከፈተላቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት በእነዚህ ሰዎች ፊት ደፍሮ የሚናገር ማን ነው?

የነዳጁ ጥያቄ ግን ከጀይሊ ጋር አልነደደም፤ ከመተማ ወደ ጋምቤላ ተሻገረ እንጂ። በ2023 ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን በተፈራረሙት፣ የኢትዮጵያ ፓርላማም ባጸደቀው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ 738 ሚሊዮን ዶላር ያህል ታበድራለች፤ ገንዘቡ ከፓሎች የነዳጅ መስክ እስከ ፓጋክ ድንበር 220 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሠራበታል፤ ሠሪዎቹ የኢትዮጵያ ተቋራጮች ናቸው፤ ብድሩም በድፍድፍ ነዳጅ ይመለሳል። አሁን የአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚቀርቡት ከሰንሰለቱ ጭራ ላይ እንደ ቤንዚን ጫኝ ሳይሆን፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ክፍያቸውም ከዚያው ጉድጓድ ለሚወጣ ሥራ ነው። «ሩቅ ነኝ፣ ትንሽ ነኝ» የምትለዋ መልስ እዚህ ላይ አትሠራም።

ፓሎችም ሰው ያልነበረበት ምድር አልነበረም፤ ነዳጅ ሲወጣበት ዲንካዎች ከአካባቢው ተፈናቅለዋል። መንገዱ የሚያቋርጠው የማይውት አገር ደግሞ የኑዌሮች ነው፤ ከታኅሣሥ 2013 ጦርነት ወዲህ ከዚያ የሸሹ ብዙ ሰዎች በጋምቤላ ክልል፣ በኩሌና በቲርኪዲ መጠለያዎች ይኖራሉ። መንገዱ በማን መሬት እንደሚያልፍ፣ የማን መንደር እንደ ነበረ፣ ማን ሊመለስበት እንደሚፈልግ ያውቃሉ። ለመጨረታ የተነሣ ተቋራጭ መሐንዲሱን ወደ ፓጋክ ከመላኩ በፊት አንድ አስተርጓሚ ይዞ ወደ ኩሌ ቢወርድ፣ ከጋምቤላ ከተማ በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።